እሺ ስለ ማለትና አልገባኝም ስለ ማለት
በባዕድ አገር ሥራ ለሚጀምር ሰው የሚሆን ትምህርት



ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ሥራ የሚይዝ ሰው ሁለት ዕቃ ይዞ ይገባል። አንደኛው በእጁ የሚጎትተው ሻንጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለዓይን የማይታይ፥ ከእናትና ከአባቱ፥ ከጎረቤትና ከትምህርት ቤት የተቀበለው ልማድ ነው። ሻንጣውን በደረሰበት ማታ ይፈታዋል። ልማዱን ግን ፈትቶ፥ ይህ በዚህም አገር ይጠቅመኛል፥ ያኛው ግን በዚህ አገር ሌላ ትርጉም አለው ብሎ እስኪለይ ድረስ ብዙ ወራት ያልፉበታል። በእነዚያም ወራት ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ወይ ያምኑታል፥ ወይ ይጠራጠሩታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንደሚኖርባቸው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

የሁሉን አገር ሥርዓት በአንድ ትምህርት መጨረስ ስለማይቻል በዚህ ጽሑፍ ስለ ጀርመን አገር ብቻ እንናገራለን። የጀርመን መንግሥት ሙያ የተማሩ የውጭ አገር ሰዎች ለሥራ የሚገቡበትን መንገድ የሚያሰፋ ሕግ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። በዚያ አገር በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነርሶች ስለሚፈለጉ ምሳሌያችንን ከነርስ ሥራ እናመጣለን። ትምህርቱ ግን በፋብሪካም ሆነ በጽሕፈት ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉ ይሆናል።

ብዙ ሰዎች በባዕድ አገር የሚከብደው ብርዱና ቋንቋው ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሁለቱም ይከብዳሉ። ነገር ግን ብርዱን ካፖርት ይመልሰዋል፤ ቋንቋውም በትጋት ይለመዳል። ከሁለቱ ይልቅ አዲሱን ሠራተኛ የምትጎዳው አንዲት ትንሽ ቃል ናት። እርስዋም ሳይገባን የምንናገራት እሺ ናት።

1ኛ፤ እሺ የሚለው ቃል በአገራችንና በዚያ አገር

በአገራችን እሺ ማለት ብዙ ትርጉም አለው። አንዳንድ ጊዜ ትእዛዝህን እፈጽማለሁ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ድምፅህን ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም አከብርሃለሁና በሰው ፊት አላሳፍርህም ማለት ነው። ታላቅ ሰው ታናሹን ሲያዝዝ ታናሹ መልሶ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ይቈጠርበታል። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ አንገታችንን ደፍተን እሺ ማለትን፥ ያልገባንንም ነገር በኋላ ከጓደኛ ሹክ ብሎ መጠየቅን ተምረናል። ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከአክብሮት የመጣ ነው። በአገሩም ሳለ ተናጋሪውም ሰሚውም ትርጉሙን ስለሚያውቁት ብዙ ጉዳት አያመጣም።

በጀርመን የሥራ ቦታ ግን ለእሺ የሚሆነው ቃል ያ የሚለው ነው፤ ትርጉሙም አንድ ነው። ገብቶኛል፥ እሠራዋለሁ፥ ባልሠራውም እኔን ጠይቁኝ ማለት ነው። ያ ያለ ሰው ውል እንደ ፈረመ ይቈጠራል። እንግዲህ የእኛ ሰው በአክብሮት ያ ሲል፥ አለቃው በእምነት ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በማግሥቱ ሥራው ሳይሠራ ወይም ተበላሽቶ ሲገኝ አለቃው፦ ይህ ሰው አልገባኝም ማለት ሲችል ለምን ዋሸኝ? ይላል። የእኛም ሰው፦ እኔ አከበርሁት እንጂ መቼ ዋሸሁት? ይላል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ሲሆኑ በሁለቱ መካከል አለመተማመን ይገባል።

በዚህ ላይ ሌሎች ትንንሽ ምልክቶች ይጨመራሉ። እኛ ትንፋሻችንን በአጭሩ ወደ ውስጥ ስበን አዎን እንላለን፤ ይህን የማያውቅ ሰው ግን የደነገጥን ይመስለዋል። እኛ ታላቅን ስናከብር ዓይናችንን ወደ ምድር እናደርጋለን፤ በዚያ አገር ግን ሲነጋገሩ ዓይንን መሸሽ የሚደብቁት ነገር እንዳለ ያስመስላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። ቃልን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማቅናት ይቻላል።

2ኛ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ቍጥር

ሳይገባን እሺ የማለት ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሰዓትና በቍጥር ነው።

እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። እነርሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እስከ 24 ይቈጥራሉ። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 14 ሰዓት ይሉታል። ሌላም መሰናክል አለ። በጀርመንኛ ሃልፕ ድራይ ሲባል ቃል በቃሉ ግማሽ ሦስት ማለት ነው። የእኛ ጆሮ ሦስት ሰዓት ተኩል አድርጎ ይሰማዋል፤ ነገሩ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ወደ ሦስት ግማሽ ቀረው ማለታቸው ነውና። እንግዲህ በሃልፕ ድራይ ና የተባለ ሰው እሺ ብሎ ቢሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘገያል።

በፈረቃ በሚሠራ ቦታ ደግሞ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኞች ጋራ ያደረችው ነርስ፥ ተተኪዋ መጥታ ርክክብ ሳታደርግ ሕመምተኞቹን ጥላ መሄድ አትችልም። የሚዘገይ ሰው የደከመች እኅቱን እንቅልፍ ይወስድባታል። በአገራችን የሐበሻ ቀጠሮ እየተባለ የሚሳቅበት ነገር በዚያ ስፍራ አያስቅም።

ቍጥርም እንዲሁ ነው። እኛ ሃያ አራት ስንል አሥሩን አስቀድመን አንዱን እናስከትላለን። ጀርመኖች ግን አንዱን አስቀድመው፥ ፊር ኡንት ጽቫንጺሽ፥ ይኸውም አራትና ሃያ ይላሉ። ጆሮው ያልለመደ ሰው አራትን አስቀድሞ ስለሚሰማ እጁ 42 ብሎ ይጽፋል። ደግሞም በእነርሱ አጻጻፍ የሙሉ ቍጥርና የክፍልፋይ መለያው ነጠላ ሰረዝ እንጂ ነጥብ አይደለም። እኛ 1.5 ብለን የምንጽፈውን እነርሱ 1,5 ብለው ይጽፉታል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ተኩልን አሥራ አምስት አድርጎ ሊያነብበው ይችላል።

3ኛ፤ የአንዲት ነርስ ምሳሌ

አሁን አንዲት ነርስን በልባችን እናስብ። በአገርዋ ስምንት ዓመት አገልግላለች፤ ሥራዋንም ታውቃለች። ወደ ጀርመን ከገባች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ርክክብ በሚደረግበት ሰዓት ሁሉም በፍጥነት ይናገራሉ። ከእርስዋ በላይ ያለችው ነርስ ወደ እርስዋ ዘወር ብላ ስለ አንድ የስኳር ሕመምተኛ፦ ፊር ኡንት ጽቫንጺሽ ዩኒት ኢንሱሊን ትላታለች። ነርሷ በጆሮዋ የቀረው አራትና ሃያ ይሁን ሁለትና አርባ አልተለየላትም። ሁሉም ይጠብቁአታል። አፏ ያ ሊል ተዘጋጅቷል።

በዚህች ቅጽበት በፊትዋ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መንገድ፥ አላዋቂ እንዳትባል ፈርታ ያ ማለት ነው። 24 ዩኒት ለታዘዘለት ሰው 42 ዩኒት ቢሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ አእምሮው ይደክማል፤ ቶሎ ካልተረዳም ራሱን ስቶ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከክፋት ወይም ከስንፍና አይደለም፤ ከአንዲት ሐፍረት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንዲህ ማለት ነው፦ ይቅርታ፥ በትክክል አልሰማሁም፤ ሁለት ከዚያም አራት ነውን? የሐኪሙ ትእዛዝ በጽሑፍ የት አለ? እንዲህ ስትል ምናልባት የአንዲቱ ፊት ይከብድ ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላው ሰዓቱን ይመለከት ይሆናል። ሐፍረቱ ለአንድ ደቂቃ ነው። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ከአደጋ ድኗል፤ እርስዋም ያልገባትን አልገባኝም የምትል ሴት መሆኗ ታውቋል። ከዚያ ቀን በኋላ ገብቶኛል ስትል ሰው ሁሉ ያምናታል። አልገባኝም የማይል ሰው ገብቶኛል ቢል ማን ያምነዋል?

አንባቢ ሆይ፥ የተሰማውን ቍጥር አንድ በአንድ ደግሞ መናገር፥ የቃል ትእዛዝንም በጽሑፍ ማየት የእንግዳ ሰው ምልክት አይደለም። ጥሩ ነርሶች ሁሉ፥ የአገሩም ተወላጆች፥ እንዲህ ያደርጋሉ።

4ኛ፤ መጠየቅ ውርደት አይደለም

አንድ የጥንት ነገር እናስታውስ። በአምሐራ አገር ከመካነ ሥላሴ የወጡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ካህን በሮም ከተማ ይኖሩ ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1649 ዓመት ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ጎልማሳ ወደ እርሳቸው መጣ። ሉዶልፍ ግዕዝን በመጽሐፍ ያጠና ሰው ነበረ፤ ነገር ግን በመጽሐፍ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው፥ ከሕያው ሰው አፍ መማር አስፈለገው። አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ዓመት በጎታው መስፍን በኤርንስት ጥሪ ወደ ጀርመን ሄደው፥ ከሉዶልፍ ጋራ ተቀምጠው በቋንቋው ሥራ ረዱት። ሉዶልፍ ብዙ ቋንቋ ያጠና ሊቅ ሳለ ለመጠየቅ አላፈረም። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓመት መርከብ ተሰብሮ ሞቱ፤ የጥያቄያቸውና የመልሳቸው ፍሬ ግን አልጠፋም። ሉዶልፍ በ1698 ዓመት የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሊቁ ገብቶኛል ብሎ ዝም ብሎ ቢሆን ያ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር።

ሞዓባዊቱ ሩትም በባዕድ አገር እርሻ በገባች ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዋ መጠየቅ ነበረ። ቃርሚያ ለመልቀም ከአጫጆቹ አለቃ ፈቃድ ለመነች፤ ከቦዔዝ ሴቶች ሠራተኞች ጋራ ተጠጋች፤ በምሳም ሰዓት ከአጫጆቹ አጠገብ ተቀመጠች። የሥራውን ስፍራ ሥርዓት ከሚያውቁት ተማረች፤ በዚህም የተዋረደች አልነበረችም።

ስለዚህ አዲስ ሠራተኛ ትንሽ ደብተር ይያዝ። ያልገባውን ቃል ይጻፍ፤ የተነገረውንም ደግሞ አይጠይቅ ዘንድ መልሱን ይመዝግብ። አንድን ነገር አንድ ጊዜ መጠየቅ ትጋት ነው፤ ያንኑ ነገር በየቀኑ መጠየቅ ግን ሌላውን ያደክማል።

5ኛ፤ ስለ አጠራርና ስለ ማዕድ

በጀርመንኛ ለአንተና ለአንቺ ዱ፥ ለእርስዎ ዚ ይባላል። እኛ አንቱታን የምናውቅ ሰዎች ስለ ሆንን ይህ አይቸግረንም። የሚቸግረው ሌላ ነው። በብዙ የሥራ ቦታ ሠራተኞቹ ሁሉ፥ ሽበት ያለውም አለቃ እንኳ፥ ዱ ይባባላሉ። ታላቁ ሰው ዱ በለኝ ቢልህ እንደ ንቀት አትቍጠረው፤ ተቀበለው። ነገር ግን ዱ ስለ ተባባላችሁ አለቃነቱ የቀረ አይምሰልህ። ሳይጋብዙህ ግን በዚ መጀመር ይሻላል። ጋሼና እትዬ የሚሆን ቃል በዚያ ስለሌለ አትፈልገው።

ደግሞም እኛ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን በወረቀታቸው ላይ የአባታችን ስም በቤተ ሰብ ስም ፋንታ ይገባል። ስለዚህ ነርሷ ፍራው ተሰማ ተብላ ስትጠራ፥ አባትዋ የተጠሩ መስሎአት ዝም ትል ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማወቅና በየትኛው ስም መጠራት እንደምትወድ በትሕትና መናገር መልካም ነው።

በምሳ ሰዓት እያንዳንዱ የራሱን ምግብ ከሣጥኑ አውጥቶ እንብላ ሳይል ሲበላ ታያለህ። በአገራችን ይህ ትልቅ ነውር ነው፤ በዚያ ግን ጥላቻ አይደለም። አብረህ ተቀመጥ እንጂ ተቀይመህ ብቻህን ጥግ አትያዝ። በልደቱ ቀን ኬክ የሚያመጣው ባለ ልደቱ ራሱ መሆኑንም ዕወቅ፤ ሌሎች እስኪያመጡልህ ብትጠብቅ ታዝናለህ። የምትጾም ብትሆን ግን እሺ ብለህ ተቀብለህ ምግቡን በስውር አትጣል። ዛሬ ሥጋና ወተት አልበላም ብለህ በግልጥ ተናገር። ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡን ምግብ ባልወደደ ጊዜ አልተሳደበም፥ አልዋሸምም፤ ጥራጥሬና ውኃ ሰጥተው ዐሥር ቀን እንዲፈትኑት ሹሙን በትሕትና ለመነው እንጂ።

6ኛ፤ አይሆንልኝም ስለ ማለት

እሺ ማለት የሚበዛበት ሰው ለትርፍ ሥራ ሁሉ ደግሞ እሺ ይላል። ሰው በጎደለ ቍጥር ይጠሩታል፤ እርሱም ታታሪ እንዲባል ዕረፍቱን ይተዋል። በጀርመን ሕግ በቀን ከ6 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ፥ ከ9 ሰዓት በላይ የሚሠራም 45 ደቂቃ ማረፍ ይገባዋል። ይህ ልመና አይደለም፤ ሥርዓት ነው። የደከመ ሰው ቍጥር ያሳስታልና። ስለዚህ ሲቻልህ እርዳ፤ ሳይቻልህ ግን ዛሬ አይሆንልኝም በል። በቅንነት የተነገረ አይሆንም፥ በማጕረምረም ከተሠራ እሺ ይሻላል።

7ኛ፤ ስለ ተግሣጽና ስለ በደል

የአገራችን ሰው ነቀፋውን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ይናገራል። በዚያ አገር ግን ሰሙ የለም፤ ወርቁ ብቻ በግልጥ ይነገራል። ይህን ተሳስተሃል፥ ደግመህ ሥራው ይሉሃል። ሲሉህ ስለ ሥራው መናገራቸውን ከአንተ ሰውነት ለይተህ ስማ። በጧት የገሠጸህ ሰው ማታ ሥራ ሲያበቃ ሾነን ፋየርአበንት ብሎ በመልካም ምኞት ሊሰናበትህ ይችላል፤ ቂም አልያዘምና አንተም አትያዝ።

ነገር ግን ተግሣጽና ንቀት አንድ አይደሉም። ሥራህን የሚያርም ሰው አስተማሪህ ነው፤ ቀለምህን ወይም ዘርህን ወይም ሃይማኖትህን የሚሰድብ ሰው ግን በደለኛ ነው። ለዚህም እሺ አይባልም። በ2006 ዓመት የወጣ የጀርመን ሕግ ሠራተኛን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ማዋረድን ይከለክላል፤ ሠራተኛውም በሥራው ቦታ ላለው የአቤቱታ ክፍል እንዲያመለክት መብት ይሰጠዋል። በብዙ ድርጅትም ሠራተኞች ራሳቸው የሚመርጡት ጉባኤ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የተባለውን ቃልና ምስክሮቹን ጻፍ፤ ሕጉ የቈረጠው ጊዜ አጭር ስለ ሆነም ሳትዘገይ አመልክት። ዝም ማለት ሁልጊዜ ትዕግሥት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ወንድምህ ወጥመድ ትቶ ማለፍ ነው።

መደምደሚያ

በጀርመን አገር የሙከራ ጊዜ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪውም ሠራተኛውም የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሰጥተው መለያየት ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ በፍርሃት ያሳልፈዋል፤ ፍርሃቱም ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ እንዲናገር ያስገድደዋል። ነገሩ ግን መሆን የሚገባው በተቃራኒው ነው። በመጀመሪያው ወር አልገባኝም ያለ ሰው፥ አዲስ ነውና ማንም አይፈርድበትም፤ በስድስተኛው ወርም ብዙ ያውቃል። በመጀመሪያው ወር ሁሉ ገብቶኛል ያለ ሰው ግን በስድስተኛው ወር ለመጠየቅ ያፍራል፤ የጊዜው ርዝመት ሐፍረቱን ያበዛበታልና።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ከአገርህ ይዘኸው የወጣኸውን አክብሮት አትጣለው፤ መልካም ነው። ነገር ግን በእውነት ላይ ቁም። ሰውን ማክበር ማለት እሺ ብሎ ደስ ማሰኘት ብቻ አይደለም፤ በቃልህ ተማምኖ ዘወር ቢል እንዳይጎዳ እውነቱን መንገርም ነው። ከአፍህ እሺ የሚል ቃል ሲወጣ በልብህ የገባህ ነገር ይሁን። ያልገባህም እንደ ሆነ ሳታፍር አልገባኝም በል፤ በዚህ ቃል የሚቀየምህ ጥቂት ነው፥ የሚያምንህ ግን ብዙ ነው።

ለመመርመር የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአገራችን እሺ ማለት ስንት ትርጉም አለው? በጀርመን የሥራ ቦታስ?
2. ሃልፕ ድራይ የተባለው ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ስንት ሰዓት ነው? (መልስ፤ 8 ሰዓት ተኩል።)
3. ነርሷ ስለ ቍጥሩ ደግማ ብትጠይቅ ምን ይቀርባታል? ባትጠይቅስ ምን ይደርሳል?
4. ተግሣጽ ከንቀት በምን ይለያል? ለእያንዳንዱስ ምን መልስ ይገባል?
5. ባለፈው ሳምንት ሳይገባህ እሺ ያልኸው ነገር አለን? ነገ ሄደህ ማንን ትጠይቃለህ?